የዳማ ሽንት፣ ሦስት ዕቃና አንድ ማይክሮስኮፕ

ሰጋቱራው ቀልቶ ነበር። ጠዋት ጋጣውን ልጠርግ ስገባ ፈረሴ ዳማ የሸናችበት ቦታ ብርቱካንማ ሆኖ፣ ዳር ዳሩ ወደ ደም አድልቶ ጠበቀኝ። ክው አልኩ። አካፋውን እዚያው ጥዬ ስልኬን አነሳሁ።

ከዚያች ጠዋት ወዲህ ሦስት ዕቃ ገዝቻለሁ። አንደኛው የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ነው። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ ሪፍራክቶሜትር፣ የሽንት ውፍረት መለኪያ ነው። ሦስተኛው «ኩላሊት ያጥባል፣ የኩላሊት ትል ይገድላል» ተብሎ የተጻፈበት ዱቄት ነው። አንዱ ዳማን በእውነት ጠቅሟታል። አንዱ እኔን ሲያስበረግግ ከረመ። የአንዱን ነገር መጨረሻ ላይ እንነጋገራለን። እግረ መንገዴን የእንስሳት ሐኪሟንም ማይክሮስኮፕ እገመግማለሁ። እዚያ ያየሁትን ሦስቱም ተደምረው አላሳዩኝምና።

ዳማ ባዝራ ናት። 16 ዓመቷ ነው። ቀለሟም ስሟም ዳማ ነው፤ ስም ማውጣት ላይ እንደማልረባ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። 400 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ወይም ትመዝን ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከእግሯ ነው። የፊት ግራ እግሯን አነከሰችና ፊኒልቡታዞን ታዘዘላት። ፈረሰኞች «ቢዩት» የሚሉት የህመም ማስታገሻ ነው። የታዘዘው ለ5 ቀን ነበር። በ5ኛው ቀን አሁንም ትንሽ ስታነክስ አየኋትና በራሴ ሥልጣን 4 ቀን ጨመርኩበት። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ዳማም በዚያ ሰሞን ውሃ በደንብ አትጠጣም ነበር። ጥፋቱን የማንም ራስ ላይ አልጥልም፤ የኔ ነው። ይህ መድኃኒት ህመምን የሚያስታግሰው ሰውነት የሚሠራቸውን አንዳንድ ኬሚካሎች አግዶ ነው። ከነዚያው ኬሚካሎች መካከል ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዳይቋረጥ የሚጠብቁ አሉ። ውሃ የጠገበ ፈረስ ይችለው ይሆናል። ውሃ በጎደለው ፈረስ ላይ ግን የኩላሊቱ የውስጠኛው ክፍል ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። የተረፈውን መድኃኒት ከመደርደሪያ አውርጄ የጣልኩትም ያኔ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ዳማ ነገረ ሥራዋ ተለወጠ። መኖዋን ታሸትና ትተወዋለች። ጎድን አጥንቷ መቆጠር ጀመረ። ውሃ ላይ ግን ሌላ ፈረስ ሆነች። ባልዲዋ 20 ሊትር ይይዛል። ድሮ አንዱ ባልዲ ቀኑን ያደርስላት ነበር። አሁን ሁለቱን ጨርሳ ሦስተኛውን ትጀምራለች። ፈረስ በቀን የሚጠጣው በኪሎ ክብደቱ 50 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ለዳማ ሲሰላ 20 ሊትር ይመጣል። በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ካለፈ ነገር አለ ማለት ነው። እሷ 48 ሊትር ጠጥታለች። ይህን የለካሁት በባልዲና በእስክሪብቶ ነው። በዚህ ግምገማ ውስጥ ያለ ምርጡ መሣሪያ ባልዲው ነው ብል አላፍርም።

እና ያ ቀይ ሰጋቱራ። ሐኪሟ ስልክ አንስታ ጨነቀኝን ሁሉ ካዳመጠች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ሲወጣ ነው ቀይ የነበረው ወይስ ቆይቶ ነው የቀላው?»

አላየሁማ። «እንግዲያው ቆመው ይጠብቁ፤ ስትሸና ይዩ» አለችኝ። ቆምኩ። ጠበቅኩ። ሲወጣ ቢጫ ነው። ሰጋቱራው ላይ ካረፈ በኋላ ቀስ እያለ ቀላ። ለካ የፈረስ ሽንት ውስጥ አየር ሲያገኘው ቀለሙን የሚለውጥ ነገር አለ። ጤነኛ ፈረስም ላይ ይሆናል። ከመነሻው ቀይ ወይም ቡና መሰል ሆኖ ቢወጣ ግን አንድ ሰዓትም አይጠበቅም። ፊኛው ውስጥ ጠጠር ሊሆን ይችላል። ጡንቻ ተጎድቶ የጡንቻው ቀለም በሽንት እየወጣ ሊሆን ይችላል። የጡንቻው ቀለም ደግሞ ራሱ ኩላሊት ይጎዳል።

ስለዚህ ያስደነገጠኝ ነገር ምንም አልነበረም። ያላስደነገጠኝ ባልዲ ነበር ቁም ነገሩ።

ወደ ስትሪፑ እንምጣ።

መጀመሪያ ሽንቱን መያዝ ያስፈልጋል። ይህን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም። ፈረስ «እስኪ አሁን ሽኚ» አትባልም። ጋጣ የሚጠብቅልን ልጅ ግን ብልሃቱን ያውቃል። አሮጌውን ጉዝጓዝ አውጥቶ አዲስ ያነጥፍላታል። ከዚያ በለስላሳው ያፏጫል። ፈረስ ንጹህ ጉዝጓዝ ላይ ሲገባ መሽናት ይቀናዋል። ዳማ ኋላ እግሮቿን ከፈት፣ ጭራዋን ቀና ስታደርግ እኔ መጥረጊያ እጀታ ጫፍ ላይ የታሰረ ኩባያ ይዤ ከጎን እንደ ሌባ እጠጋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ኩባያው ትንሽ ነበርና ግማሹ እጄ ላይ ፈሰሰ። በሁለተኛው ቀን ፋንድያ ገባበት። በሦስተኛው ተሳካ። የመጀመሪያውን ፍሳሽ አሳልፎ መሐሉን መያዝ ነው። በቶሎ፣ ቢቻል ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው መመርመር ነው። አለበለዚያ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።

የስትሪፑ ወረቀት ቀጭን ነው። 10 ባለቀለም ካሬዎች አሉት። ነክሮ አውጥቶ ሰዓት መያዝ ነው። ስኳሩ በ30 ሰከንድ ይነበባል። ደምና ፕሮቲን በ60 ሰከንድ። ነጭ የደም ሴል 2 ደቂቃ ይፈልጋል። ልጄ ስልኳን ይዛ ሰከንድ ትቆጥራለች። እኔ መነጽሬን አድርጌ ካሬውን ከጠርሙሱ ቀለሞች ጋር አስተያያለሁ። አረንጓዴና ሌላ አረንጓዴ እየለየን ተከራከርን። እሷ «ሁለት ነው» ትላለች። እኔ «ሦስት ነው» እላለሁ።

ፕሮቲኑ ሦስት የመደመር ምልክት ሆነ። አንጀቴ ራደ። መመሪያው ላይ ፕሮቲን የኩላሊት ጉዳት ምልክት ነው ይላል። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

በማግስቱ ልጄ «ለምን ቦራን አንመረምርም?» አለች። ቦራ ሌላው ፈረሳችን ነው። ግንባሩ ነጭ ነው፤ እንዳልኳችሁ ስም ላይ አልጎብዝም። ጤናው የድንጋይ ነው። ሽንቱን ነከርን። ሁለት የመደመር ምልክት! ቦራ ኩላሊት አመመው ቢሉኝ ዝናብ ወደ ላይ ዘነበ እንደማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስትሪፑ የተሠራው ለሰው ነው። የሰው ሽንት በአብዛኛው ወደ አሲድ ያደላል። የፈረስ ሽንት ተቃራኒው ነው። ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ከ7 በላይ አሲድ አይደለም) ከ7.5 እስከ 9 ይደርሳል። የፕሮቲኑ ካሬ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሽንት ሲነካው ፕሮቲን ኖረም አልኖረም ቀለሙን ይለውጣል። ማለትም በፈረስ ላይ የሐሰት ምስክር ነው። የሽንቱን ውፍረት የሚለካው ካሬም አይታመንም። ነጭ የደም ሴሉንም እንስሳ ላይ አትመኑት። መመሪያው ላይ ስለ ፈረስ አንዲት ቃል የለም። የሸጠልኝ ሰው ግን «ለፈረስም ይሆናል» ብሎኝ ነበር። ይሆናል፤ ለማስደንገጥ።

ግን ፍርድ ላለማጓደል አንድ ነገር ልጨምር። የደሙ ካሬ ይጠቅማል። ቀይ የደም ሴል ይሁን የተሰባበረ ደም ወይም የጡንቻ ቀለም አይለይም፤ አንድ ነገር እንዳለ ግን ይጮኻል። ንጹህ ከሆነ ትንሽ ትተነፍሳላችሁ። ሌላም አለ። አንድ ቀን የስኳሩ ካሬ በድንገት ቀለም ለወጠ። «ይኸው ደግሞ ዋሸ» አልኩ። ለካ በዚያ ጠዋት ጥርሷ ሲሞረድ ማስተኛ ተወግታ ነበር። ያ መድኃኒት የደሟን ስኳር ከፍ ስለሚያደርግ በሽንት ይወጣል። ሽንቱንም ያቀጥናል። ስትሪፑ እውነቱን ነበር፤ ናሙናውን የወሰድኩበት ሰዓት ነው የተሳሳተው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

የጠርሙሱን ክዳን ወዲያው ግጠሙ። እርጥበት ከገባ ካሬዎቹ ሳይነከሩ ቀለም ይለውጣሉ። የኔ የመጀመሪያው ጠርሙስ እንዲህ ነው የሞተው። ከ5 ኮከብ 2 እሰጠዋለሁ። ሁለቱም ለደሙ ካሬ ናቸው።

ሪፍራክቶሜትሩ ሌላ ታሪክ ነው። እሱን ሳነሳ ድምፄ ይለወጣል ይላሉ ቤት ያሉት።

አጭር የሩቅ ማያ ቱቦ ይመስላል። ጫፉ ላይ የተንጋደደ መስታወት አለው። ከላዩ ክዳን አለ። አንድ ሁለት ጠብታ ሽንት መስታወቱ ላይ ጣል፣ ክዳኑን መልስ፣ ወደ ብርሃን አቅጣጫ አድርገህ በዓይንህ አጮልቅ። ውስጡ ክብ ሜዳ ታያለህ። ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ነጭ። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ቁጥሩን ይነግርሃል። ባትሪ የለ፣ ሰከንድ ቆጠራ የለ፣ ከልጅ ጋር የቀለም ክርክር የለ።

የሚለካው ሽንቱ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደወፈረ ነው። ንጹህ ውሃ 1.000 ነው። ጤነኛ ፈረስ ብዙውን ጊዜ ከ1.020 እስከ 1.050 መካከል ይሸናል። ቦራ 1.036 አመጣ። ዳማ 1.010 አመጣች።

አንድ ቀን ነው ብዬ በማግስቱ ደገምኩ። 1.011። ከዚያ 1.009። ከዚያ 1.012። ጠዋት፣ ማታ፣ ከመኖ በፊት፣ ከመኖ በኋላ፤ ያው ነው። ቁጥሩ አንድ ቦታ ተቸንክሯል። መጥፎው ምልክት ይህ መቸንከሩ ነው። ጤነኛ ኩላሊት ውሃ ሲያጥር ሽንቱን ያወፍራል፣ ውሃ ሲበዛ ያቀጥናል። ከ1.008 እስከ 1.014 ያለው ውፍረት ግን የደሙ ፈሳሽ ራሱ ያለው ውፍረት ነው። ኩላሊቱ አጣርቶ ሲያበቃ ሳያወፍርም ሳያቀጥንም እንዳለ ይለቀዋል ማለት ነው። ከ1.008 በታች ቢወርድ ኖሮ ኩላሊቱ ቢያንስ ማቅጠን ይችላል ይባል ነበር። በልማድ ወይም በመሰልቸት ብዙ የሚጠጣ ፈረስ ላይ እንዲህ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «እስኪ ውሃ ከልክዬ ይወፍር እንደሆነ ልይ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ለኔም መጥቶልኝ ነበር። ለሐኪሟ ስነግራት ስልኩ ውስጥ ጸጥ አለች። ከዚያ «ጋሼ፣ ባልዲውን እንዳይነኩት» አለችኝ። ኩላሊቱ የታመመ ፈረስ ውሃ ከተከለከለ የቀረውንም ያጣዋል።

የሪፍራክቶሜትሩ ችግሮች ሁለት ናቸው። መጀመሪያ የተላከልኝ የጭማቂ ስኳር መለኪያ ነበር። ከውጭ ሲታዩ መንትዮች ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ቁጥር ግን ሌላ ነው። መልሼ ሽንት የሚለካውን እስኪልኩልኝ ብዙ ተመላለስኩ። ስትገዙ አጮልቃችሁ ከ1.000 የሚጀምር መለኪያ እንዳለው እዩ። ሁለተኛው ችግር የዕቃው ሳይሆን የፈረሱ ነው። የፈረስ ሽንት ድፍርስ ነው። ዝልግልግ ነገር አለበት። የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄትም ተበትኖበታል። ስለዚህ መስመሩ ጭጋግ ለብሶ ይታያል። ሽንቱን አስቀምጦ ደለሉ ሲሰጥም ከላይ ያለውን መቅዳት ነው። በየሳምንቱ ደግሞ በተጣራ ውሃ 1.000 ላይ መቆሙን አረጋግጡ። ሲወለወል በለስላሳ ጨርቅ ይሁን፤ መስታወቱ ከተጫረ አለቀለት።

ለምን እንዲህ እንደምወደው ልንገራችሁ። ሐኪሞች ደም ውስጥ የሚያዩት ክሪያቲኒን የሚባል ነገር አለ። ኩላሊት ካላስወጣው ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ችግሩ ቁጥሩ ከፍ የሚለው የኩላሊት ማጣሪያዎች ወደ 75 በመቶ ገደማ ሥራ ካቆሙ በኋላ ነው። ኩላሊት ሽንት ማወፈር የሚያቅተው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ይህች ትንሽ ቱቦ ከደም ምርመራው በፊት ልትናገር ትችላለች። ለዳማ ግን ሁለቱም እኩል ተናገሩ፤ ዘግይቼ ነበር። ክሪያቲኒኗ 3.4 ነበር። ብዙውን ጊዜ ከ2 በታች መሆን ነበረበት።

4 ኮከብ ተኩል። ግማሿ ለተሳሳተው ጥቅል ቀርታለች።

አሁን ማይክሮስኮፑ።

ሐኪሟ ዘንድ የሄድኩት በትል ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል። ማታ ማታ ሳነብ አንድ ነገር አግኝቼ እንቅልፍ አጣሁ። ዲዮክቶፊማ የሚባል የኩላሊት ትል አለ። በቤት እንስሳት ላይ ከሚገኙ ክብ ትሎች ሁሉ ትልቁ ነው። ሴቷ እስከ 1 ሜትር ትረዝማለች። ውፍረቷ የእጅ ጣት ያህላል። ቀለሟ እንደ ደም ቀይ ነው። ኩላሊቱን ከውስጥ በልታ ቅርፊቱን ብቻ ታስቀራለች። ይህን ሳነብ የዳማን ጎን እያየሁ ውስጧ አንድ ሜትር ቀይ ገመድ ተጠቅልሎ ታየኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ 3 ሰዓት አስጠበቁኝ። ይህ ይመዝገብ። ሐኪሟ ግን ስትመጣ ጊዜ ወሰደችልኝ። በካቴተር፣ ፊኛ ድረስ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ንጹህ ሽንት ወሰደች። ባዝራ ላይ ቀላል ነው፤ የሽንት ቧንቧዋ አጭርና ሰፊ ነው። ጓንት አድርጋ ነበር። እኔ ባዶ እጄን ነበርኩና ተቆጣችኝ። ሌፕቶስፓይራ የሚባል ባክቴሪያ በሽንት ይተላለፋል። የፈረስን ዓይን ያሳውራል፣ ያስወርዳል፣ የውርንጭላ ኩላሊት ይጎዳል፤ ሰውንም ይይዛል። ያ ሁሉ በእጄ ላይ የፈሰሰ ሽንት ትዝ አለኝ።

ሽንቱን በማሽን አሽከረከረች። ከታች የቀረውን ዝቃጭ መስታወት ላይ ጠብ አድርጋ እሷ አየች። ከዚያ «ይምጡ፣ ይዩት» አለችኝ።

አጎነበስኩ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት አየሁ። ከዚያ ብርሃኑ ጠራ። ሜዳው ሙሉ ክብ ክብ ነገር ነው። ቡናማ ቢጫ። ከመሐላቸው ወደ ዳር የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች አሏቸው፤ ከጎን የታየ የጋሪ ጎማ ይመስላሉ። አንዳንዱ ትልቅ፣ አንዳንዱ ትንሽ። ብዛታቸው!

«እንቁላል!» ብዬ ጮህኩ። ውጭ የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ሰምቶኛል።

ሐኪሟ ሳቋን መያዝ አቃታት። ምንም ሳትናገር ከጠርሙስ አንድ ጠብታ አሲድ በመስታወቱ ጠርዝ ለቀቀች። አቼቶ ውስጥ ያለው ዓይነት፣ ደካማ አሲድ ነው። «አሁን ይዩ» አለች። «እንቁላሎቼ» አረፋ ደፈቁ። አንድ በአንድ እየተንተከተኩ ጠፉ። ካልሲየም ካርቦኔት ነበሩ። የፈረስ ሽንት ድፍርስ የሚሆነው በነሱ ነው። በማንኛውም ጤነኛ ፈረስ ሽንት ውስጥ ሞልተዋል። የትል እንቁላል በአሲድ ጠብታ አይሟሟም።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። የትልቁ ቀይ ትል እንቁላል በርሜል ይመስላል። ቅርፊቱ ሻካራ ነው፤ ሁለት ጫፉ ላይ ውታፍ አለው። በብዛት የሚይዘው ውሻንና ዓሣ በል አውሬዎችን ነው። ፈረስ ላይ ብርቅ ነው። የሚገባውም ከረጋ ውሃ ጋር የምትዋጥ አንዲት ትንሽ የውሃ ትል ተሸክማው ነው። ወንዱ ብቻ ካለ ሽንት ውስጥ እንቁላል ጭራሽ አይታይም። ከተገኘ ደግሞ በመድኃኒት አይወጣም። በቀዶ ጥገና ነው፤ ሌላኛው ኩላሊት ደህና ከሆነ።

«ታዲያ ፈረስን የሚያሳስበው የቱ ነው?» አልኳት።

ክሎሲየላ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ አለ አለችኝ። የፈረስ ኩላሊት ውስጥ ይኖራል፣ በሽንት ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ፈረሱ እንዳለበትም አያውቅም። የመከላከል አቅሙ የደከመ ፈረስ ላይ ሲበዛ ነው የሚታየው። እሷን የሚያስፈራት ሌላ ነው። ሃሊሴፋሎበስ ይባላል። አፈርና ፍግ ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚኖር፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ትል ነው። በቁስል በኩል ይገባል ተብሎ ይታሰባል። ኩላሊት፣ መንጋጋና አንጎል ይወዳል። ገላ ውስጥ የሚገኙት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ያለ ወንድ ይራባሉ። ብርቅ ነው፤ አንጎል ከደረሰ ግን ፈረሱ አይተርፍም ማለት ይቻላል። ይህን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

ከዚያ በጣም የሚገኘውን ጠቀሰች። የአንዱ የአንጀት ትል እጭ በእድገቱ መሐል ወይም መንገድ ስቶ ኩላሊት አካባቢ ያለ ስብ ውስጥ ይዞራል። የሌላው ትል እጭ ወደ አንጀት የሚሄደውን የደም ቧንቧ ያበላሻል፤ አልፎ አልፎም የኩላሊቱን ቧንቧ ይነካል። እነዚህን አይቨርሜክቲን የሚባለው የትል መድኃኒት በደንብ ያገኛቸዋል። እንቁላላቸው የሚወጣው በፋንድያ ነው። ስለዚህ ሽንት ውስጥ የትል እንቁላል ተገኘ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ፋንድያ ገብቶበት ይሆን?» ነው። የኔን የሁለተኛ ቀን ኩባያ አስታወስኩ። ያንን ወስጄላት ቢሆን ኖሮ ምን ልታገኝ እንደምትችል አስቡት።

ዳማ ሽንት ውስጥ ምንም ጥገኛ አልተገኘም። በአልትራሳውንድ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ታዩ። የቀኙ ከመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ነው፤ ቅርጹ ልብ ይመስላል። የግራው አነስ ብሎ፣ ጠርዙ ሸካራ ሆኖ ታየ። ጥርሷ ላይ ያየሁት ወፍራም ቡናማ ቆሻሻም ከዚሁ ጋር ይሄዳል አለችኝ። እኔ የእርጅና መስሎኝ ነበር። የደሟ ካልሲየምም ከፍ ብሏል። በብዙ ሌሎች እንስሳት ኩላሊት ሲደክም ካልሲየም ሊወርድ ይችላል። ፈረስ ግን ትርፍ ካልሲየሙን የሚያስወግደው በሽንት ስለሆነ ኩላሊቱ ሲያቅተው ይጠራቀምበታል። ስለዚህ ካልሲየም የሚበዛበት አልፋልፋ ቀረ፤ የሣር ድርቆሽ ተተካ። ቢዩት በፍጹም አይደገምም። ለጥቂት ቀን በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጣት።

ለክሊኒኩ 4 ኮከብ። አንዷን ያ የ3 ሰዓት ወንበር ወስዷታል።

ዱቄቱን የገዛሁት ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ያን እንቅልፍ ያጣሁ ሰሞን ነው። ጣሳው ላይ የሚጋልብ ፈረስ አለ። «የኩላሊት ትልን ያስወጣል» ይላል። የትኛውን ትል? አይልም። ምን ምን ተቀላቅሎበታል? እሱንም አይልም። ሽታው ሚስጥራዊ ነው። ዳማ ገና ስታሸተው ከንፈሯን ወደ ላይ ገልብጣ ዞረች። መኖዋ ላይ ነሰነስኩላት፤ መኖውንም ተወችው። ስትከሳ የነበረች ፈረስ ሁለት ቀን አስራብኩ ማለት ነው። ሐኪሟ ጣሳውን አገላብጣ አየችውና «ምን እንዳለበት ሳይታወቅ የታመመ ኩላሊት ላይ ይጨመራል?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ሜትር የሚረዝመው ትል በቢላ ነው የሚወጣው። የማይታየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማስወጣት አያስፈልገውም። በመሐል ዱቄቱ የሚገድለው ማንን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

አሁን ዳማ ክሪያቲኒኗ 2.2 ላይ ቆሟል። ወደ ድሮው አልተመለሰም፤ ይመለሳልም አልተባልኩም። ሥጋ ትንሽ መልሳለች። ውሃዋን በቀን 35 ሊትር አካባቢ ትጠጣለች፤ ሁለት ባልዲ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። በሳምንት ሁለቴ ሪፍራክቶሜትሩን አወጣለሁ። ትናንት 1.013 ነበረች።

ዱቄቱን ዜሮ ልሰጠው ነበር። ግን ጣሳው ሁለት ሊትር ይይዛል። አፉ ሰፊ ነው፣ ጠርዙ አይቆርጥም፣ እጀታም አለው። ዱቄቱን ደፍቼ በሳሙና አጥቤ መጥረጊያው ጫፍ ላይ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ አንዲት ጠብታ እጄ ላይ አልፈሰሰችም። አንድ ኮከብ፤ ለጣሳው።